ናስ ይሟሻልን? ስለ ትንፋሽ መሣሪያዎች ስያሜና ስለ ሦስት የአርሲ ደጋ አነጋገሮች

1. የጥያቄው መነሻ

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ አያያዝና ጥገና የተጻፉ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ጥሩምባን፣ ትሮምቦንንና መሰሎቻቸውን ከሚመለከተው ምዕራፍ ሲደርስ በነፊዎች ዘንድ ሥር ከሰደደ አንድ እምነት ጋር ይገናኛል። እምነቱም አዲስ መሣሪያ ትንፋሽ እስኪለምድ ድረስ ድፍን ነው፤ እየተነፋ በሄደ መጠን ድምፁ ይከፈታል፤ እጅግ ብዙ ዘመን ከተነፋ ደግሞ ናሱ ይደክምና ድምፁ ይሞታል የሚል ነው። በዚህም ላይ መሣሪያውን ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ማቆየት፣ በእሳት ማለዘብ፣ ቫርኒሹን ፍቆ በብር መለበጥ ድምፁን ያሻሽላል የሚሉ ልዩ ልዩ አሠራሮች ይጨመራሉ።

ተርጓሚው ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ቢሻ አማርኛ ባዶ እጁን አይመልሰውም። አዲስ ምጣድ ይሟሻል፤ አዲስ ድስት ይሟሻል፤ እንግዲህ አዲስ ጥሩምባም ይሟሻል ቢል አንባቢው ወዲያው ይረዳዋል። ችግሩ የሚነሣው ከዚሁ ቅለት ነው። «ማሟሸት» የሚለው ቃል ብቻውን አይመጣም፤ አንድ ሙሉ የአያያዝ ዕውቀት ተሸክሞ ይመጣል። የተሟሸ ምጣድ በሳሙና አይታጠብም፤ ቢታጠብ ማሟሻው ይበላሻል። «ናስ ይሟሻል» የሚለውን ያነበበ ተማሪ የጥሩምባውን ቱቦ ማጠብ የተገኘውን ድምፅ ማጥፋት ሊመስለው ይችላል። «ናስ ይደክማል» የሚለውን ያነበበ የንብረት ክፍል ኀላፊም በጥቂት ጥገና የሚድነውን መሣሪያ አርጅቷል ብሎ ከመዝገብ ሊሰርዘው ይችላል። እንዲህ ከሆነ የቃል ምርጫው ከመዝገበ ቃላት ገጽ ወጥቶ የመሣሪያ ቤት ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው የእነዚህን መሣሪያዎችና የስሞቻቸውን ታሪክ ሲሆን፣ ምሳሌያችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከአሰላና ከአርሲ ደጋ ነው። ምክንያቱም አዲስ ነገር በአገልግሎት ይሻሻላል የሚለውን ሐሳብ አማርኛ የሚገልጽባቸው ሦስት አነጋገሮች፣ ማለትም የሸክላው፣ የበሬውና የሞተሩ፣ በዚያ አገር በአንድ መንደር ጎን ለጎን ስለሚሰሙ ነው።

2. ናስና ነሐስ

የመጀመሪያው እንቅፋት የማዕድኑ ስም ራሱ ነው። በግዕዝ ነሐስ የሚለው ቃል መዳብንም፣ ከመዳብ ጋር የሚቀየጡትን ማዕድናትም ባንድነት የሚይዝ ሰፊ ቃል ነው። አማርኛ የጕሮሮውን ድምፅ ሲጥል ቃሉ ናስ ሆነ። ሆኖም አሮጌው መልክ አልጠፋም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ኖሩ። ነሐስ በጽሕፈትና በማዕረግ ቦታ ሲጸና፣ ናስ በአንጥረኛው ደጅና በገበያ ሰፈነ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 መግቢያ ላይ፣ ለሚጮኸው ማዕድን የምናገኘው ስም ናስ ነው።

የዛሬው ኬሚስትሪ ግን አሮጌው ቃል በአንድነት ይይዛቸው የነበሩትን ነገሮች ለያይቷል። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲቀየጥ አንድ ማዕድን ይወጣል፤ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀየጥ ሌላ ይወጣል። ጥሩምባ የሚሠራው ከመጀመሪያው ነው። በብዛት የሚሠራበት ብጫው ቅይጥ ከመቶ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ሲሆን፣ 85 በ15 እና 90 በ10 የሆኑ ቀላ ያሉ ቅይጦችም አሉ። ሁለተኛውን ቅይጥ ደግሞ ሕዝቡ ከስፖርት ዜና ያውቀዋል። የአርሲዋ የበቆጂ ተወላጅ ደራርቱ ቱሉ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥታ የተሸለመችው ሜዳሊያ የነሐስ ነው ስንል፣ ማንም ሰው የናስ አይለውም። እንግዲህ አነጋገሩ ሳይታወቅ ልዩነቱን አበጅቶታል። መዝገበ ቃላት ሠሪዎችም ይህንኑ ቢያጸኑት፣ ናስን ለመዳብና ለዚንክ ቅይጥ፣ ነሐስን ለመዳብና ለቆርቆሮ ቅይጥ ቢመድቡ፣ ከሕዝቡ አፍ የሚርቁበት ምክንያት የለም።

ቆርቆሮ የሚለው ቃልም ሁለት ነገር እንደሚያመለክት መዘንጋት አይገባም። አንደኛው ራሱ ማዕድኑ ነው፤ ሁለተኛው ቤት የሚከደንበት ስስ ብረት ነው። ስለዚህ «የቆርቆሮ ጥሩምባ» የሚለው ሐረግ በማዕድን ጥናትና በሰፈር አነጋገር አንድ ትርጕም የለውም።

3. ስሙ የናስ፣ ድምፁ የከንፈር

ሁለተኛው እንቅፋት ከመጀመሪያው ይልቅ ጥልቅ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህን የመሣሪያ ቤተሰብ የሚሰይሙት በማዕድኑ ነው። እንግሊዝኛ በናስ፣ ፈረንሳይኛ በመዳብ፣ ጀርመንኛ በስስ ብረት ይጠሩታል። «የናስ የሙዚቃ መሣሪያ» የሚለው የአማርኛ ሐረግም በዚሁ ፈለግ የመጣ ነው። ስያሜው ግን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሁለት ምስክሮች ይቃወሙታል፤ አንደኛው መለከት፣ ሁለተኛው ሳክስፎን ነው።

መለከት በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር የሚሰማ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ መሣሪያ የጻፈው መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1776 መታተም በጀመረው የቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ወጥቷል። ግንዱ ሸምበቆ፣ የጫፉ ሰፊ አፍ የቅል አንገት፣ ልባሱ ቆዳ ነው። ከናስ የሆነ ምንም ነገር የለበትም። ቢሆንም ነፊው ከንፈሩን አጥብቆ በማርገብገብ ስለሚያሰማው፣ በድምፅ ጥናት ከጥሩምባና ከትሮምቦን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ሳክስፎን ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 በፓሪስ የፈጠራ መብት ያወጣበት ይህ መሣሪያ አካሉ ሁሉ ናስ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው ግን መንፊያው ላይ ከሚታሰር ስስ የሸምበቆ ምላስ ነው። ጌታቸው መኩሪያ የሽለላንና የፉከራን ዜማ ወደ ሳክስፎን ባመጣ ጊዜ የጦር ሜዳው ድምፅ በናስ አካል ተሰማ፤ ሆኖም መሣሪያው ከመለከት ቤተሰብ አልሆነም። ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት የመሣሪያዎች አመዳደብም ሚዛኑ ድምፁ የሚነሣበት መንገድ እንጂ የተሠራበት ነገር አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው በጥሩምባ ውስጥ የሚዘምረው ናሱ ሳይሆን አየሩ መሆኑን ነው። ከንፈር ይርገበገባል፤ በቱቦው ውስጥ የታሠረው የአየር ዐምድ ለከንፈሩ ይመልስለታል፤ የዐምዱ ርዝመትና ቅርጽ የትኛው ድምፅ እንደሚጸና ይወስናል። የናሱ ዋና ሥራ ያንን ቅርጽ ሳይለውጥ መያዝ ነው። ሸምበቆና ቅልም ይህንኑ ሥራ ለመለከት ይሠራሉ። «የናስ መሣሪያ» የሚለው ስያሜ ግን የአንባቢውን ዓይን ከአየሩ አንሥቶ ማዕድኑ ላይ ያሳርፋል። ናሱ ቢታከም፣ ናሱ ቢለምድ፣ ናሱ ቢያረጅ ድምፁ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄም በከፊል ከዚህ ስያሜ የተወለደ ነው።

4. ናሱ የመጣበት መንገድ

የግዕዙ ቀርን ቀንድንም ከቀንድ የሚሠራውን መንፊያም ያመለክታል፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቀንደ መለከት የሚለው ጥምር ቃል ይህን ትዝታ ይዟል። ከብት በበዛበት በአርሲም ቀንድ፣ በአፋን ኦሮሞ ጋፋ፣ ጥንታዊ የዕቃ መሥሪያ ነው። መለከትና ነጋሪት ግን ወደዚያ አገር የደረሱት በሌላ መልክ ነበር። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የተመራው የንጉሥ ምኒልክ ጦር አርሲን ለመያዝ በርካታ ዓመታት ተዋግቷል። የመንግሥት ሠራዊት በሚሄድበት የመንግሥት ድምፅ ይከተለው ነበርና፣ በአርሲ ሽማግሌ ጆሮ መለከት የዘፈን መሣሪያ ከመሆኑ በፊት የሥልጣን ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። የቃላት ታሪክ ጸሐፊ «መለከት» የሚለውን ቃል ሲፈታ ይህን ሸክሙን አብሮ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዳግማዊ ምኒልክ በስጦታ የመጡት የናስ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት አዲስ ድምፅ አሰሙ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ባገኟቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የተቋቋመው፣ «አርባ ልጆች» የተባለው የሙዚቃ ጓድ፣ ከመሪው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገባ። ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር የኖረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከነጻነት በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ጓዶች የናሱ ቤተሰብ ተስፋፋ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ብዙ ወጣቶችን አሠለጠነ።

በዚህ ዘመን ሁሉ መለከት የሚለው ስም ለአዲሶቹ መሣሪያዎች አልተሰጠም። ከኢጣልያንኛው «ትሮምባ» ጋር ዘመድ የሆነው ጥሩምባ ቦታውን ያዘ። መለከት በመጽሐፍ ቅዱስና በቤተ መንግሥት ትዝታ ሲከበር፣ ጥሩምባ በአደባባይ ዋለ። የመኪና ጡሩር ጥሩምባ ተባለ፤ ምስጢር የማይቋጥር ሰው ጥሩምባ ነፋ ተባለ። በአሰላም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በማለዳ የሰው ሞት የሚለፈፈው በእድር ጥሩምባ ነበር፤ የድምፅ ማጉያና ስልክ ሥራውን ቢሻሙትም ቃሉ ገና ሕያው ነው። የእድር ጥሩምባ ከባዶ ቱቦና ከሰፊ አፍ በቀር ሌላ የለውም። ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ የተሰረጎደ፣ የጠቆረ ነው። ሆኖም እድርተኛው በሩቁ ለይቶ ያውቀዋል። ይህ መታወቅ ከናሱ ዕድሜ ነው ወይስ ከነፊው ከንፈር የሚለው ጥያቄ፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በትንሹ ነው።

5. ምጣድ፣ በሬና ሞተር

አሁን ወደ ሦስቱ አነጋገሮች እንመለስ።

ማሟሸት የሸክላ ቃል ነው። አዲስ ምጣድ በእሳት ላይ ተጥዶ በጎመን ዘር ይታሻል። ሸክላው ቀዳዳ የበዛበት ነውና ቅባቱን ይመጠዋል፤ ሙቀቱ ቅባቱን ያጋግረዋል፤ እንጀራው መጣበቁን ይተዋል። በአርሲ ደጋ የወተት ዕቃ በወይራ፣ በአፋን ኦሮሞ በኤጀርሳ፣ ጭስ የሚታጠነውም በዚሁ ሥርዐት ነው፤ የዕቃው ግድግዳ ጭሱን ይይዘዋል፣ ወተቱም መዓዛውን ይቀበላል። ምጣድም ሆነ የወተት ዕቃ በውጭ የመጣ ነገር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥበታል። ማሟሸት ማለት መምጠጥ ነው።

መግራት የእንስሳ ቃል ነው። ወይፈን በቀንበር ይገራል፤ በቅሎ በልጓም ይገራል። እዚህ የሚለወጠው የአካሉ ጥሬ ነገር አይደለም፤ ልማዱ ነው። መግራት የሚማር ነገር ይፈልጋል።

ሦስተኛው የሞተር ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና ካዱ በሚል ምሕጻር የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር። በዚያው ዘመን በጭላሎ አውራጃ የስንዴ እርሻ በትራክተርና በኮምባይነር ተስፋፋ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ከመኪናው ጋር የመካኒኩ ቋንቋ መጣ። አዲስ ወይም የታደሰ ሞተር ሮዳጅ ላይ ነው ይባላል፤ ቃሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ሮዳጅ ማለት ፒስተኑና ማቀፊያው እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ጥቃቅን ሸካራነታቸውን አጥፍተው እስኪገጥሙ ድረስ በዝግታ መንዳት ነው። እዚህ የሚገባ ነገር የለም፤ የሚማርም የለም። የሚሆነው መላግ ነው።

አንዲት እናት ምጣዷን ስታሟሽ፣ ባለቤቷ ወይፈን ሲገራ፣ ልጃቸው የትራክተር ሞተር ሮዳጅ ሲያስወጣ፣ ሦስቱም አዲስን ነገር ለሥራ እያበቁ ነው። የሦስቱ ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ጥሩምባን በአንዱ ስም ከመጥራታችን በፊት በየትኛው ምክንያት እንደሚለወጥ መጠየቅ አለብን።

6. በመለኪያ ፊት

ናስ እንደ ሸክላ አይመጥም። ቀዳዳ የለውም፤ ትንፋሽም ዜማም አይቀመጥበትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስሜት ጥሩምባ አይሟሽም። መለከት ግን ይሟሻል ቢባል እውነትነት አለው። ሸምበቆ፣ ቅልና ቆዳ እርጥበት ይቀበላሉ፣ ይደርቃሉ፣ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ ቅባትም የአየር መውጫ ቀዳዳቸውን ይደፍናል። ነገሩን ከቀድሞው መሣሪያ ወደ አዲሱ ያሻገረው ሰው ቃሉን ብቻ ሳይሆን የሸምበቆውን ጠባይ ጭምር ለናሱ አውርሶታል።

ናስ በቅዝቃዜ ወይም በእሳት መታከሙ ድምፁን ይለውጣል ወይ የሚለውን ሊቃውንት በመለኪያ መርምረዋል። በዩናይትድ ስቴትስ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ እነ ክሪስ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ባደረጉት ምርመራ፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ 10 ጥሩምባዎች ግማሾቹ በኀይለኛ ቅዝቃዜ ታክመው ከቀሩት ጋር ተነጻጸሩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የተገኘው ልዩነት በነፊና በነፊ መካከል ካለው ልዩነት በልጦ የሚታይ አልሆነም። እንግሊዛዊው የመሣሪያ ሠሪና የድምፅ ተመራማሪ ሪቻርድ ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሰፊ አፋቸው ውፍረት የተለያየ ትሮምቦኖችን ዓይናቸው ለተሸፈነ ነፊዎች ሰጥቶ፣ ነፊዎቹ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለዩዋቸው እንዳልቻሉ ጽፏል።

ይሁንና ግድግዳው ምንም አያደርግም ማለትም ከእውነት መውጣት ይሆናል። በፍሎሪዳ በሮሊንስ ኮሌጅ ቶማስ ሙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የጥሩምባን አካል በአሸዋ አፍነው እንዳይርገበገብ ሲያደርጉ፣ በድምፁ አካላት መካከል ያለው ሚዛን በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ለውጥ አሳይቷል። በ2010ም ከቪየና ተመራማሪዎች ጋር ይህንኑ በስፋት አረጋግጠዋል። ለውጡ የጥቂት ዴሲቤል ነው። እንግዲህ ናሱ ይርገበገባል፤ መርገብገቡም በመጠኑ ይሰማል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ሕክምናው ይሠራል ማለት አይቻልም። የግድግዳ መርገብገብ የሚወሰነው በናሱ ውፍረት፣ ክብደትና ግትርነት ነው። ናስ ሲቀጠቀጥ ይደድራል፤ ግሎ ሲቀዘቅዝ ይለዝባል። ይህን አንጥረኛ ሁሉ ያውቃል። መደደርና መለዘብ የሚለውጡት ናሱ ታጥፎ የሚቀርበትን ኀይል ነው፤ ትንሽ ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለስበትን ግትርነት ግን እምብዛም አይነኩትም። መሣሪያ በሚነፋበት ጊዜ ደግሞ ናሱ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሁለተኛው ወሰን ውስጥ ብቻ ነው።

7. ዕድሜ የሚለውጠውና የማይለውጠው

ናስ በመነፋት ብዛት ይደክማል የሚለውም እንዲሁ መለየት ይፈልጋል። ብረታ ብረት የሚደክመው ከተወሰነ ልክ የሚያልፍ ኀይል፣ ከመሰበሪያው በእጅጉ ቢያንስም እንኳ፣ እጅግ ብዙ ጊዜ እየደጋገመ ሲያጥፈው ነው። የሰው ትንፋሽ በጥሩምባ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ተነፍቶ ያለቀ» የሚባል ናስ በዚህ ስሜት የለም።

ያረጀ ጥሩምባ ግን በእርግጥ ይለወጣል፤ ምክንያቶቹም ስም አላቸው። አንደኛው እድፍ ነው። ከመንፊያው ቀጥሎ ያለው ቱቦ ስፋቱ ከ12 ሚሊሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ምራቅና የምግብ ርዝራዥ በውስጡ እየተጋገረ ያጠበዋል። የአየሩ ዐምድ ቅርጽ በዚያ ቦታ ሲለወጥ አንዳንዱ ድምፅ ይዛባል። ነፊው «ለመደ» የሚለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ የቆሸሸ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው የዚንክ መሟጠጥ ነው። በእርጥበትና በአሲድ ምክንያት ዚንኩ ከቅይጡ እየለቀቀ ቀይና ስፖንጅ መሰል መዳብ ይቀራል። በናሱ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በመጨረሻም ይበሳል። ሦስተኛው መሰርጎድ ነው። ሥርጕዱ ቱቦው ከጠበበበት አጠገብ ሲሆን ከሰፊው አፍ አጠገብ ካለው ይልቅ ይጎዳል። አራተኛው የፒስተኖቹ መላግ ነው። ሲገጥሙ ጥሩ ነው፤ ከልክ በላይ ሲላጉ ግን አየር ያሾልካሉ፣ ድምፁም ይላላል። ደከመ የሚባለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አየር የሚያሾልክ መሣሪያ ነው፤ መድኃኒቱም አዲስ ግዢ ሳይሆን የፒስተን ጥገና ነው።

እዚህ ላይ ሮዳጅ የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። የአዲስ ጥሩምባ ፒስተኖች እንደ ሞተር ፒስተን እየተፋተጉ ይገጥማሉና፣ የአሰላ መካኒክ ቃል ከምጣዱ ቃል ይልቅ ለጥሩምባው ይቀርባል። መግራትም ቦታውን ያገኛል፤ የሚገራው ግን መሣሪያው ሳይሆን ነፊው ነው። በአዲስ መሣሪያ ላይ ሳምንታት የቆየ ሰው ከንፈሩና ጆሮው የመሣሪያውን ጠባይ ይማራሉ። ከዚያ ድምፁ ሲከፈት ምስጋናውን ለናሱ ይሰጣል። የእድርን ጥሩምባ በሩቅ የሚለየው ሰውም በአብዛኛው የሚለየው የነፊውን ከንፈርና አነፋፍ ነው።

በደጋ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከቆላ የመጣ ነፊ መሣሪያው የተለወጠ ቢመስለው አይገርምም። ይሁን እንጂ የድምፅ ፍጥነት በአየር መሳሳት አይለወጥም፤ የሚለወጠው በሙቀት ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የመሣሪያው ቃና ከሙሉ ግማሽ ድምፅ 3 መቶኛ ያህል ይወርዳል። የጭላሎ ማለዳና ቀትር በ10 ዲግሪ ቢለያዩ ልዩነቱ ወደ 30 መቶኛ ይደርሳል፤ የነፊው ሞቃት ትንፋሽ ቱቦውን ሲያሞቀው ግን ልዩነቱ ይጠባል። ነፊዎች ከመጫወታቸው በፊት መሣሪያውን ማሞቃቸው ስለዚህ ነው። «ማሟሻ» የሚለው ቃል በአፍ ማሟሻና በጉሮሮ ማሟሻ እንደሚነገረው ለዚህ የመግቢያ ትንፋሽ ቢውል የሚነቀፍ አይሆንም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያው ሲቀዘቅዝ አብሮ የሚጠፋ ነውና።

8. የስያሜ ሐሳብ

ከላይ ከተነገረው ተነሥተን ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት ሠሪዎች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

የቤተሰቡ ስም፦ «የከንፈር ትንፋሽ መሣሪያ»። በዚህ ውስጥ መለከት፣ ቀንደ መለከት፣ ጥሩምባና ትሮምቦን ይጠቃለላሉ፤ ሳክስፎን ወደ ምላስ መሣሪያዎች ይሄዳል። «የናስ መሣሪያ» የተሠራበትን ነገር ብቻ ለመግለጽ ይቀመጥ።

ማሟሸት፦ ለሸክላ፣ ለቅል፣ ለሸምበቆና ለመሰሎቻቸው፤ ማሟሻ ደግሞ ከጨዋታ በፊት ለሚነፋው የመግቢያ ትንፋሽ። ለናስ ቱቦ ዘላቂ ለውጥ አይዋል።

ሮዳጅ፦ ለፒስተኖች መግጠም። ቃሉ ባዕድ ነው ተብሎ ቢጠላ «ማላመድ» ሊተካው አይችልም፤ ማላመድ የእንስሳና የሰው ነውና። «ማላግ» ግን ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

መግራት፦ ለነፊው ከንፈርና ጆሮ።

መደደርና መለዘብ፦ ናስ በቅጥቀጣና በእሳት ለሚያገኘው ጠባይ። የድምፅ መለስለስን ለመግለጽ «ለዘበ» ቢባል ሁለቱ ትርጕሞች እንዳይደባለቁ በመጠገኛ መጽሐፍ ውስጥ ይከልከል።

እድፍ፣ የዚንክ መሟጠጥ፣ መሰርጎድ፣ ማሾለክ፦ ለአራቱ የእርጅና ምክንያቶች። «መድከም» የሚለው ቃል ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይገጥምምና ተርጓሚው ባገኘው ቁጥር ከአራቱ የትኛው እንደ ታሰበ ይመርምር።

በነዚህ ቃላት የተጻፈ መጠገኛ መጽሐፍ ለተማሪው ቱቦውን እንዲያጥብ፣ ለንብረት ክፍል ኀላፊውም ፒስተኑን እንዲያስመረምር ይነግረዋል። ምጣዷን የምታሟሽ እናት፣ ወይፈኑን የሚገራ ገበሬና ሞተሩን ሮዳጅ የሚያስወጣ መካኒክ ሦስቱን ምክንያቶች ለያይተው ሲናገሩ ኖረዋል። መዝገበ ቃላት ሠሪም እነሱ የለዩትን መልሶ ሊያቀላቅለው አይገባም።